ኤፕሰም ሶልት ለቲማቲምና ለቃሪያ፦ መቼ፣ ስንት፣ እንዴት

የደከመ እግር ለብ ባለ ውሃ የሚዘፈዘፍበት፣ ለሆድ ድርቀትም ሲጠጣ የኖረው ኤፕሰም ሶልት አሁን ጓሮ ገብቷል። ቲማቲም የተከለ ሰው ሁሉ ስሙን ሰምቷል። «አንድ እፍኝ ከሥሩ ጣል አድርጊበት፣ ከዚያ እድገቱን እይው» ይባላል። ምክሩ እውነት አለው፤ ግን ግማሹ ነው የሚነገረው። ተክሉ የጎደለው ማግኒዚየም ከሆነ ኤፕሰም ሶልት በሁለት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱን ያሳያችኋል። የጎደለው ሌላ ነገር ከሆነ ግን ራሱን ላላመመው ሰው ፓራሲታሞል እንደመስጠት ነው። ሲበዛ ደግሞ ይጎዳል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ስለ መርጨት ሳይሆን ከመርጨት በፊት ስለሚደረገው ነገር ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው

ስሙ የመጣው ለንደን አቅራቢያ ካለችው ኤፕሰም ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የተገኘ የምንጭ ውሃ ከመምረሩ የተነሣ ከብት እንኳ አልጠጣም ብሎ ነበር ይባላል። ሰው ግን ለመድኃኒትነቱ ይጎርፍበት ጀመር። በ1695 ነህምያ ግሩ የተባለ ሐኪም ስለዚህ ጨው ጽፎ አሳተመ። ደስ የሚለው ነገር፣ ይኸው ሰው የዕፅዋትን የውስጥ አካል በማጥናትም ስሙ የተጠራ ነው።

ጨው ይባል እንጂ የወጥ ጨው አይደለም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም የወጥ ጨው ቲማቲም ሥር የደፋ ሰው ቲማቲሙን ቀበረው ማለት ነው። ኤፕሰም ሶልት ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማው ማግኒዚየም፣ 13 በመቶ ገደማው ሰልፈር ነው። ግማሽ ያህሉ ክሪስታሉ ውስጥ የተያዘ ውሃ ነው። ናይትሮጅን የለውም፤ ፎስፈረስም፣ ፖታሺየምም የለውም። ስለዚህ ፍግን ወይም ኮምፖስትን አይተካም።

ማግኒዚየም ለምን ያስፈልጋል? ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል በእያንዳንዱ ሞለኪውል መሃል ላይ አንድ የማግኒዚየም አቶም አለው። ማግኒዚየም ከሌለ አረንጓዴነት የለም፤ አረንጓዴነት ከሌለ ደግሞ ተክሉ ከፀሐይ ምግቡን አይሠራም። ሌላም መያዝ ያለበት ነገር አለ። ተክል ማግኒዚየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይልካል። ምርመራው በሙሉ የሚቆመው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ቅጠሉን አንብቡ

ጠዋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ተክሉ አጠገብ ቁጭ በሉ። ከታች ወደ ላይ እያያችሁ ሂዱ።

የማግኒዚየም እጥረት የሚጀምረው ከታችኛው፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው። የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ በጅማቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ግን ቢጫ ይሆናል። አንዳንዴ ወደ ቀይ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ሲቆይ ቢጫው ቦታ ይደርቅና ቡናማ ይሆናል። ቲማቲም ላይ ይህ የሚታየው ብዙ ጊዜ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ነው። ቃሪያም እንደዚሁ። ጽጌረዳ የተከላችሁም ይህን ምልክት እዚያው ልታዩት ትችላላችሁ።

አሁን ከሚመሳሰሉት ለዩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ቢጫው በላይኛው፣ በለጋው ቅጠል ላይ ከሆነና ጅማቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። ኤፕሰም ሶልት አይረዳውም። የታችኛው ቅጠል ከነጅማቱ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ከገረጣ፣ ተክሉም ከሲታ ከሆነ፣ የናይትሮጅን ረሃብ ነው፤ የበሰበሰ ፍግ ይፈልጋል። ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጥብ ካለና ነጥቡ ውስጥ ቀለበት በቀለበት መስመር ከታየ፣ በሽታ ነው። እንደዚያ ያለውን ቅጠል ቆርጦ መጣል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከተልፈሰፈሰና አፈሩ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ውሃ በዝቶበታል። በመጨረሻ፣ ቲማቲሙ ትልቅ ሆኖ፣ ፍሬውን እየሰጠ፣ ከግርጌው ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ፣ እርጅና ነው። ተዉት።

ፎቶ አንሡ። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው። በአእምሮ መያዝ አያዋጣም።

ሁለተኛ፦ ለምን እንደጎደለ ጠይቁ

ማግኒዚየም አፈሩ ውስጥ ኖሮም ተክሉ ላይደርስ ይችላል። የምታዩት ምልክት ያው ነው፤ መፍትሔው ግን ይለያያል።

ብዙ ጊዜ የማየው ምክንያት ፖታሺየም መብዛቱ ነው። ፖታሺየምና ማግኒዚየም በሥር በኩል ሲገቡ ይሽቀዳደማሉ፤ ፖታሺየም ከበዛ ማግኒዚየምን ይቀድመዋል። የቲማቲም ማዳበሪያ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ፖታሺየሙ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ላይ የምድጃ አመድ የሚበትን ሰው አለ። አመድ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ፖታሺየሙ ብዙ ነው። እነዚህን ሁለቱን በላይ በላዩ የምታደርጉ ከሆነ፣ መጀመሪያ እነሱን ቀንሱ። ምናልባት ሌላ ምንም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት አፈሩ አሸዋማ መሆኑ ወይም ተክሉ በባልዲና በማሰሮ መተከሉ ነው። በየቀኑ ውሃ ሲጠጣ ማግኒዚየሙ አብሮ በታች በኩል ይወጣል። በረንዳ ላይ ቃሪያ የምታበቅሉ ሰዎች፣ ኤፕሰም ሶልት ለእናንተ ከሌላው ይልቅ የመጥቀም ዕድል አለው።

ሦስተኛው አሲዳማ አፈር ነው። ዝናብ የሚበዛበት አገር ካልሲየምና ማግኒዚየም ታጥበው ይሄዳሉ። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር እንዲህ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት አፈር ዘላቂው መድኃኒት ኖራ ነው፤ ማግኒዚየምም ካነሰው ዶሎማይት የሚባለው የኖራ ዓይነት ሁለቱንም ይሰጣል። መጠኑ በካሬ ሜትር 100 ግራም ገደማ ነው። ኤፕሰም ሶልት አሲዱን አይቀንስም። ጥቁር መረሬ አፈር ያላችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም ስላለው ችግራችሁ ሌላ ቦታ ነው፤ ውሃው አልወርድ ብሎ ሥሩ ታፍኖ እንደሆነ እዩ።

በጸደይ መጀመሪያ አፈሩ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ሳለ የተተከለ ችግኝም ቢጫ ሊል ይችላል። ሥሩ መሥራት አልጀመረም። ሲሞቅ በራሱ ይስተካከላል።

ዱባይ፣ ዶሃ፣ ወይም እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ይህን አንቀጽ በተለይ ልብ በሉ። እናንተ ያላችሁበት አፈር በአብዛኛው ኖራ የሞላው ነው። እዚያ በሶብላው ከላይ ሲገረጣ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ጉዳይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ ጨዋማነት ራሱ የአፈሩ ችግር ስለሆነ ኤፕሰም ሶልት አፈር ላይ መበተን በጨው ላይ ጨው መጨመር ነው። የታችኛው ቅጠል በትክክል ምልክቱን ካሳየ፣ ቅጠል ላይ ብቻ ርጩ።

ሦስተኛ፦ ትክክለኛውን ግዙ

አሜሪካ ያላችሁ በፋርማሲም በሱፐርማርኬትም ታገኙታላችሁ፤ የእግር መዘፍዘፊያ ካለበት መደርደሪያ ላይ ነው። ላቬንደር፣ ባሕር ዛፍ ምናምን የሚል ጽሑፍ ያለበትን አትንኩ። ሽቶና ዘይት ተጨምሮበታል። ከረጢቱ ላይ «ማግኒዚየም ሰልፌት» ብቻ የሚል፣ ሽታ የሌለው፣ ነጭ ክሪስታል ይሁን። ሌላ አገር ያላችሁ «ማግኒዚየም ሰልፌት» ብላችሁ ፋርማሲ ወይም የእርሻ ግብአት የሚሸጥበት ቦታ ጠይቁ። ለእርሻ የሚሸጠው ውሃው የወጣለት ዓይነትም ስላለ መጠኑን ከከረጢቱ ላይ አንብቡ፤ እዚህ የምሰጣችሁ ልክ ለተለመደው ክሪስታል ነው።

አራተኛ፦ በጥብጡ

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሊትር ውሃ፣ የሻይ ማንኪያ፣ አዲስ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ጠርሙሱ ከዚህ በፊት በረኪና ወይም የመስታወት ማጽጃ የነበረበት እንዳይሆን። አንድ ሊትር ለመለካት የአንድ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል።

ለአትክልት ቅጠል የሚመከረው ሙሉ መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ነው። ያ ደልደል ብሎ የተሞላ አራት የሻይ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው ይመዝን፤ የማንኪያ ነገር ከቤት ቤት ይለያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን በግማሹ ጀምሩ፤ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ። እንዳይበዛበት ብዬ የምፈራለት ለጋ ተክል ላይ ከዚህ አልፌም አልሄድም።

ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ይሟሟል። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አማስሉ፤ ክሪስታል ከቀረ የመርጫውን አፍ ይደፍነዋል። ከዚያ ሳሙናውን ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጉ። ጥቅሙ ውሃው ከቅጠሉ ላይ ተንከባሎ እንዳይወርድ ነው። አረፋ እስኪያወጣ ማብዛት ቅጠሉን ይጎዳል።

ከፀረ ተባይ ጋር አትደባልቁት። ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ማዳበሪያ ጋርም በአንድ ዕቃ አታድርጉት። ወፈር ብለው ሲገናኙ ሰልፌቱና ካልሲየሙ ይያያዙና ጂፕሰም ሆነው ከታች ይዘቅጣሉ። ሁለቱንም ታጣላችሁ። በተለያየ ቀን ስጡ።

አምስተኛ፦ በአንድ ተክል ሞክሩ

አንድ ተክል ምረጡ፤ ሁለት ሦስት ቅጠሉ ላይ ርጩና ሁለት ቀን ጠብቁ። የቅጠሉ ጫፍ ካልተቃጠለ፣ ነጭ ጠባሳ ካልወጣ፣ ወደ ሌሎቹ ሂዱ። ሌላም አንድ ተክል ሳትረጩት ተዉ። ከዝናብ በኋላ ሁሉም ተክል በራሱ ሲለመልም ምስጋናውን ለጨው እንዳትሰጡ የሚያደርጋችሁ እሱ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ ርጩ

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ደመና ያለበት ቀን ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ። በእኩለ ቀን ከተረጨ ውሃው ይተንና ጨው ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ያ ነው የሚያቃጥለው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከረጫችሁ ደግሞ ይታጠባል።

ተክሉ ተጠምቶ ከሆነ መጀመሪያ ሥሩን አጠጡት። ከዚያ የቅጠሉን ላይም ታችም በስሱ ርጩ። መንጠባጠብ ሲጀምር በቃው። ቢጫ የሆኑት ላይ ብቻ አትቁሙ፤ መካከለኛው ቅጠል ነው ተክሉን የሚመግበው። አበባውን ዝለሉት።

በየሁለት ሳምንቱ፣ በጠቅላላው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ፍሬ ከመቅጠፋችሁ በፊት እንደማንኛውም አትክልት በውሃ እጠቡ።

ሰባተኛ፦ ፎቶውን አወዳድሩ

በጣም የከፋው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ ላይሆን ይችላል። እሱን አትዩ። የምታዩት ቢጫው ወደ ላይ መውጣቱን አቁሟል ወይ፣ ትንሽ ገርጥቶ የነበረው ቅጠል ቀለሙ ተመልሷል ወይ የሚለውን ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ታገኛላችሁ። ሁለት ጊዜ ተረጭቶ ያልተረጨው ተክል ከተረጨው ካልተለየ፣ ችግሩ ማግኒዚየም አልነበረም። ሦስተኛውን አትርጩ፤ ወደ አንደኛው ደረጃ ተመለሱ።

አፈር ላይ መስጠት ለሚፈልግ

ቅጠል ላይ መርጨት ፈጣን ነው፤ ግን ዘላቂ አይደለም። አፈሩ ራሱ ደሃ ከሆነ በካሬ ሜትር 30 ግራም በትኖ ማጠጣት ይቻላል።

ይህ ቁጥር ስንት እንደሆነ እንይ። አሜሪካ ብዙ ሰው ቲማቲም የሚተክልበት ባለ 5 ጋሎን ባልዲ አፉ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ስፋት ልክ ሲሰላ የሚደርሰው 2 ግራም ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም! አሁን «አንድ እፍኝ ጣል አድርጊበት» የሚለውን ምክር አስቡት። በባልዲ ውስጥ ጨው መሄጃ የለውም፤ ሥሩ ዙሪያ ይከማችና ውሃ እንዳይስብ ያደርገዋል። ተክሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል። ባልዲው ታች ቀዳዳ ከሌለው ጭራሽ አትስጡት።

ሲተከል ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ማንኪያ መጨመርም የተለመደ ነው። እኔ አልመክርም። ለጋ ሥር ጨው ላይ በቀጥታ ባያርፍ ይሻለዋል፤ በዚያ ላይ ችግኙ እጥረት ይኑርበት አይኑርበት ገና አልታወቀም። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አስገቡ። ማግኒዚየምም ሌላውም አለው፣ ቀስ እያለም ይሰጣል።

የቲማቲም ቂጥ ሲጠቁር

ይህን ለብቻው ያመጣሁት ጉዳቱ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ቲማቲሙ ደርሶ፣ ሊቀላ ሲል፣ ከታች በኩል ጠቁሮ ሰምጦ ይገኛል። ቃሪያም ያገኘዋል። ሰው ሁሉ «ኤፕሰም ሶልት አድርጊበት» ይላል። አታድርጉ። ይህ የካልሲየም ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ወደ ፍሬው የሚወስደው ውሃ ነው የተቆራረጠው። አንድ ቀን ድርቅ፣ አንድ ቀን ጎርፍ ሲሆን ፍሬው ይራባል። ማግኒዚየም ስትጨምሩ ደግሞ ሥሩ ላይ ከካልሲየም ጋር ይሻማል፤ ነገሩን ያባብሰዋል።

የሚሻለው ውሃውን ማስተካከል ነው። በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ውሃ፣ በተመጣጠነ ሁኔታ፣ ሥሩ ድረስ። ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ጉዝጓዝ አልብሱት። ናይትሮጅን አታብዙ። የጠቆረውን ፍሬ ቅጠፉና ጣሉ፤ ቀጣዮቹ ንጹሕ ሆነው ይመጣሉ።

የማያስፈልጋቸው

ጎመንና ሰላጣ ቅጠል የሚሰጡት ናይትሮጅን ሲያገኙ ነው። ጤና አዳም ደረቅና ብዙ ያልዳበረ አፈር ይስማማዋል፤ ባትነኩት ይሻላል። ዘር እንዲበቅልም ኤፕሰም ሶልት አያስፈልግም። ዘሩ ራሱ ለመነሻ የሚሆን ስንቅ ይዟል።

ወቅቱ ሲያልቅ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የመጨረሻው ቲማቲም የሚለቀመው በጥቅምት ገደማ ነው። ያኔ አፈር ለማስመርመር ጥሩ ጊዜ ነው፤ ኖራ ወይም ዶሎማይት ካስፈለገ ክረምቱን ሙሉ አፈር ውስጥ ሲሠራ ይከርማል። ቨርጂኒያ ያላችሁ የካውንቲያችሁ ኤክስቴንሽን ጽሕፈት ቤት የናሙና ካርቶን ይሰጣችኋል፤ ናሙናው የሚላከው ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ላቦራቶሪ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን የሚመከሩ ላቦራቶሪዎችን ዝርዝር ታገኛላችሁ።

ናሙናውን ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰዱ። ከመደቡ አሥር ያህል ቦታ ላይ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ቆፍራችሁ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ደባልቁ፤ ካርቶኑን ሙሉ። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የአፈሩን አሲዳማነት እዩ፤ ቀጥሎ የማግኒዚየሙን መስመር። ዝቅተኛ ነው ካለና አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ዶሎማይት ግዙ። ዝቅተኛ ሆኖ አሲዳማነቱ ግን ደህና ከሆነ፣ የኤፕሰም ሶልት ቦታው እሱ ነው። በቂ ወይም ከፍተኛ ካለ ከረጢቱን ለእግራችሁ አስቀሩት፤ እርጥበት እንዳያገኘው አጥብቃችሁ ክደኑ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፣ ላዩ ላይም ስሙን ጻፉበት። ከወጥ ጨው ጋር ሲታይ ብዙም አይለይም።